ጉልበቴን ማን ይጠይቀው?

ድሮ እዚህ ሐዋሳ በሰፈራችን እህል የሚያሰጣም ድንኳን የሚያስተክልም ቀድሞ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። የታቦር ተራራን ደመና አይቼ፣ የሐይቁን ነፋስ አሽትቼ «ዛሬ አይዘንብም» ካልኩ አለቀ። አሁን የልጅ ልጄ ስልኩን ነው የሚጠይቀው። «አባባ፣ ከሰዓት ዝናብ 40 በመቶ ነው» ይለኛል። አርባ በመቶ ምን ማለት ነው? ግራ ትከሻዬ ብቻ ሊበሰብስ ነው?

ስልኩ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ከማን እንደሚሰማ ልጁ ሲነግረኝ ባሰብኝ። ሰሜን ዋልታ በረዶ ላይ ከተጎለተ ዕቃ! የተንሳፋፊ መለኪያዎቹን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካኖች ጀመሩት፣ በ1991 ሌሎች አገሮችም ገብተውበት ዓለም አቀፍ ሆነ። ተንሳፋፊ መለኪያውን በመርከብ ያደርሱታል ወይም ከአውሮፕላን ይጥሉታል። ከዚያ በኋላ በረዶው ወደነዳው መሄድ ነው። የአየሩን ግፊትና ሙቀት፣ ያለበትንም ቦታ ለሳተላይት ያወራል። አንዳንዱ በረዶው ተሰርስሮ ሽቦ ይወርድለትና ውፍረቱን ይለካል።

«ሳተላይቱ ራሱ አያይም?» አልኩ። ደመናውንም በረዶውንም ያያል፤ የአየሩን ግፊት ግን ከላይ ሆኖ መመዘን አይችልም አለኝ። ይሄንን እንኳ አምኛለሁ። ከላይ ሆኖ የታቹን ሸክም የሚመዝን መቼ አይተን እናውቃለን? ወሬው ለየአገሩ ትንበያ ሠሪ ይበተናል፣ ከሌላው ዓለም ልኬት ጋር ይሰላል፣ መጨረሻ ላይ ሐዋሳ ድረስ መጥቶ «ጃንጥላ ያዝ» ይለኛል።

ከበረዶ ጋር መንሳፈፉን ሰውም ሞክሮታል፤ ናንሰን የሚባል ኖርዌጂያዊ እ.ኤ.አ. በ1893 መርከቡን ሆን ብሎ በበረዶ አስይዞ አብሮ ተንሳፍፎ ነበር። መርከቧ የተለቀቀችው በ1896 ነው። እሱ ግን ወደ ዋልታው አላደርስ ስትለው በመሀል ወርዶ መንገዱን ቀጠለ። ሰው ነዋ! ይሄ ዕቃ አይወርድ፣ አይማረር። በረዶ ሲጨፈልቀው ወይም ድብ ሲያኝከው ሌላ ይተኩለታል።

እኛ ሐይቅ ላይ ቢጥሉትማ አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ ይቆምበታል፣ ዓሣ አጥማጁም ከሚያንሳፍፉለት ባዶ ሃይላንዶች ጎን መረቡን ያስርበታል። ስለዚህ እኔ አለሁላቸው። ፍቅር ሐይቅ ዳር አንድ ወንበር ይሰጠኝ። ባትሪ አልጠይቅም፣ ማኪያቶ ይበቃኛል፤ ግፊቱን ጉልበቴ ይናገራል። ድብ የለብንም፣ ጉማሬ ግን አለ። ለእሱ አበል ይታሰብልኝ።