ነጭ ነጩን

የአራት ዓመቷ ልጄ ምግብ የምትመርጠው በጣዕም አይደለም፤ በቀለም ነው። ነጭ ከሆነ ያልፋል። ሩዝ፣ ወተት፣ ፈንዲሻ፣ ቅርፊቱ የተነሣለት ዳቦ፣ ስጎ ያልነካው ፓስታ። እንጀራም ከሆነ የማኛ ጤፍ፣ ያውም ወጥ ያልደረሰበት ጠርዙ። አንድ ቀን ከማማሰያው ጋር የገባች የቃሪያ ቅንጣት ፓስታዋ ውስጥ አገኘች። በሁለት ጣቷ አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘቻት።

«አባዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ምንም» ብዬ ዋሸሁ።

ሳህኑን ገፋችው። «ምንም አልበላም።»

ያልሞከርነው የለም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ እኛን ግን ያጣላን ገና አፏ ሳይደርስ ነው። ለአባባ፣ ለእማማ፣ ለአክስት እያልን ዘመድ ብንቆጥርም ዘመዱ አለቀ እንጂ ጎመኑ አላለቀም። አያ ጅቦንም ጠራን። «ይምጣና ጎመኑን ይብላልኝ» አለች። በስልክ ካርቱን ከፍተን፣ አፏን ረስታ ስትከፍት ማንኪያ ሰደድን። ካርቱኑ ሲያልቅ የጎረሰችው ሁሉ ጉንጯ ውስጥ እንደ ባንክ ተቀማጭ ሳይነካ ተገኘ።

ወደ ንባብ የዞርኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አዲስ ምግብ መፍራት ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚበረታ ነገር ነው፤ የኔዋ ብቻ አልከፋችም። ሊያን በርች የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሕፃናትን እያቀመሰች እንዳሳየችው፣ ልጅ ምግብ የሚለምደው ደጋግሞ ሲቀምሰው ነው፤ አንዳንዱ 10 ጊዜ፣ አንዳንዱም 15 ጊዜ ይፈልጋል። ኤሊን ሳተር የተባለች የሥነ ምግብ ባለሙያ ደግሞ ሥልጣን ታካፍላለች፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስን፤ መብላት አለመብላቱን፣ መጠኑንም ልጁ።

ይህን ለእናቴ ነገርኳት።

«በኛ ጊዜ የሚወስነው ድስቱ ነበር» አለች። ቀጥላም፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ልጅ ሳለሁ ከወጥ ውስጥ ሽንኩርት እየለቀምኩ ሳህን ዳር እደረድር እንደነበር ለባለቤቴ አወራቻት። (አሁንም እደረድራለሁ። ልጄ ደግሞ ፊት ለፊቴ ነው የምትቀመጠው።)

ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፍኩና ጎመን በቀረበ ቁጥር አንድ ጭረት ማስመር ጀመርኩ። ጎመኑ ከሩዟ ጎን አንዲት ጭልፋ ይቀመጣል፤ ማንም ምንም አይልም። ምንም አለማለት ከማብሰሉ ይከብዳል። እናቴ እንዳትናገር ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ የበላችበት ቀን አለ። 11 ጭረት ሞላ። ልጄ ጎመኑን ነካችው፤ ወደ ጠርዝ ልትገፋው።

ከዚያ ረቡዕ መጣ። የጾም ቀን እኛ በያይነቱ ከበን እንቀመጣለን፤ ለሷ ለብቻዋ ይሠራላታል። የዚያን ዕለት እንቁላሏን ትታ ትሪያችንን ስታይ ቆየች።

«እኔስ አልጾምም?»

«አንቺ ገና ነሽ» አለቻት እናቴ። «ሰባት ዓመት ሳይሞላሽ ጾም የለም።»

ይቺ ልጅ ከተወለደች ምግብ ስትከለከል ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ተጠግታ ቀይ ስሩ ውስጥ ጣቷን ነከረች፤ ጣቷን አየችው፤ ላሰችው። ምላሷ መቅላቱን መስታወት ፊት ሄዳ አረጋግጣ ተመለሰችና አያቷ ዞር ስትል ከጎመኑ ቆነጠረች። እውነተኛ ቁንጥር፣ በእንጀራ! አስራ ሁለተኛውን ጭረት ላሰምር ስነሣ ባለቤቴ ሱሪዬን ያዘችኝ።

«ተቀመጥ፤ ትነቃብናለች።»

አምስት ጊዜ ጎረሰች። ቆጥሬያለሁ።

ሐሙስ በኩራት ጎመኑን ከፊት ለፊቷ አስቀመጥኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ዛሬ ጾም ነው?»

«አይ፣ ዛሬ አይደለም።»

«እንግዲያው ፓስታዬን ስጠኝ።»