ፊዚክስ ለዘላለም ይኑር!

የትምህርት ቤታችን ፊዚክስ ዲፓርትመንት ራሱን ለተማሪውም ለመምህሩም ሊያስተዋውቅ ዘንድሮም «የፊዚክስ ሳምንት» አውጇል። እሰይ! እኔ ስለ ቅኔ ሳስረዳ የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ በመስኮት ይገባና «ፊዚክስ የሳይንስ ሁሉ እናት!» ይላል፤ ልጆቹ ሰሙንም ወርቁንም ጥለው ያጨበጭባሉ። ተመስገን ነው። ኬክ ተቆርሷል፣ ለስላሳ ተከፍቷል፣ መምህራኑ አንስታይን ምላሱን ያወጣበት ቲሸርት ለብሰዋል። ምላሱን ያወጣው በማን ላይ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ከሁሉ የበለጠው ግን ባነሩ ነው። ልጆቻችን ፊዚክስን በዓይናቸው ያዩት እሱ ሲሰቀል ነው። ገመዱ ሲወጠር ውጥረትን፣ ሚስማሩ ተነቅሎ ሲወድቅ ስበትን፣ ነፋስ ሲነፋው ግፊትን ተማሩ። ጥበቃው ገመዱን አልለቅም ብለው ከመሬት ከፍ ሲሉማ ሦስተኛው የኒውተን ሕግ ያለ ኖራና ሰሌዳ ተብራራ። ስለዚህ መጽሐፍ ማሳተም ይቅርና ለየክፍሉ ባነር ይታደል፤ ለ9ኛ ክፍል ዘጠኝ ሜትር፣ ለ12ኛ ዐሥራ ሁለት። ብሔራዊ ፈተናውም ባነር መስቀል ይሁን፤ በነፋስ ያልተወሰደ ያልፋል። የተወሰደ ደግሞ ያረፈበት ከተማ ዩኒቨርሲቲ ይመደብ፤ የምደባ ቅሬታም በዚያው ይቀራል።

ለነገሩ በ70/30 ዘመን ከመቶው ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይመደብ ስለነበር ፊዚክስ ያለ ባነርም ሰው አላጣም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ደግሞ 3.2። ጉድለቱ የማስታወቂያ ነበር ማለት ነው!

ቤተ ሙከራችን ተቆልፏል። ውስጡ የተሰበረ ወንበር ተከምሮበታል፤ 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ አሜትር በእጁ ነክቶ አያውቅም። ነውር ነው። የኬኩ ዋጋ ባትሪ፣ አምፖልና ሽቦ ይገዛ ነበር።

ይቅርታ፣ ሳምንቱን አበላሸሁት። የኬሚስትሪ ዲፓርትመንትም የራሱን ሳምንት ለማወጅ ኮሚቴ አቋቁሟል፤ ባነራቸው ከፊዚክሱ በሁለት ሜትር ይረዝማል ይባላል።

ይህን የሰማው የፊዚክስ ተጠሪ ትናንት መጣና «ጋሼ፣ እርስዎ አማርኛ ያውቁበታል፤ ለትልቅ ባነር የስፖንሰር ደብዳቤ ይጻፉልን» አለኝ።

«መጀመሪያ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ አምጣ» አልኩት።

«እሱ እኮ የሌላ ኮሚቴ ሥራ ነው።»