ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው

መታወቂያ ለማሳደስ ወረዳ የምሄድ ቀን ውሃ የሚባል አልቀምስም። ብልሃቱን የወረስኩት ከእናቴ ነው፤ እሷም አገር አቋራጭ አውቶብስ የምትሳፈር ከሆነ ከዋዜማው ጀምራ ጉሮሮዋን ታደርቃለች። ምን ታድርግ፣ እንደ ወንዶቹ አጥር ጥግ ዞር ብላ አትመለስ! ቡናውን ግን አልተውኩም፤ በረካውን ሳልጠጣ ብወጣ ጎረቤታችን ይቀየሙኛል።

በዚያ ላይ ሰሞኑን ሽንቴን ያቃጥለኝ ነበር። ያጣድፈኛል፣ እሮጣለሁ፣ ጠብ የሚለው ግን ለወግ ያህል ነው። "ብርድ ነው፣ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠሽ ነው" ተባልኩ፤ እኔም አምኜ ካርቶን እያነጠፍኩ መቀመጥ ጀመርኩ። ለንጽህናው ደግሞ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ሳሙና ገዛሁ፤ ጭራሽ እሳት ለቀቀብኝ።

ታዲያ ሰልፉ መሃል መጣብኝ። መጣብኝ ስላችሁ! አንዴ በቀኝ እግሬ፣ አንዴ በግራዬ እየቆምኩ ሽንት ቤቱን ጠየቅኩ።

"ተቆልፏል። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው።"

"ዘበኛውስ?"

"ምሳ።"

ከኋላዬ የቆሙ እናት "ልጄ፣ ሽንትሽ ነው እንዴ?" አሉኝ፤ ጆሯቸው ከበድ ይላል መሰለኝ፣ ግቢው በሙሉ እንዲሰማ አድርገው። እንዳልሰማ ሆንኩ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም!" ብለው ጨመሩልኝ። ዘበኛው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ብቅ ሲል ሰልፈኛው በአንድ ድምፅ "ቁልፉን ስጣት!" አለው። ያን ሁሉ ደጋፊ ይዤ ገብቼ ያወጣሁት ጠብታ ነው። ስመለስ ደግሞ "ሲስተም የለም" ተብሎ መስኮቱ ተዘግቷል።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሟ የሲሚንቶውን ነገር ስነግራት ሳቋን ዋጠችው። የሴት የሽንት መውጫ ቱቦ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የወንዱ 20 ይደርሳል፤ ከአንጀት ለሚወጣው ባክቴሪያ እኛ ጋ መንገዱ አጭር ነው አለችኝ። ውሃ ካልጠጡና ሽንት ከያዙ አጥቦ የሚያወጣው የለም፣ እዚያው ይራባል። ስትጠራረጊ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከባልሽ ጋር ከሆንሽ በኋላ ተነስተሽ ሽኚ፣ በሳሙናው እጅሽን ታጠቢበት። መድኃኒቱንም ማቃጠሉ ቢተውሽ እንኳ ጨርሺው፤ ትኩሳት ወይም የጎን ውጋት ከያዘሽ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ሊሆን ይችላልና ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ።

ሁሉንም እሺ አልኩ። ውሃ በደንብ ጠጪ ስትለኝ ግን ዘበኛው ትዝ አለኝ። እናንተ የቢሮ አለቆች፣ እባካችሁ ሽንት ቤቱን ክፈቱልን፤ ውሃውን እኛ እንጠጣለን።