ስትሮ በሰገባ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣ ለጋሼ፤ መሳለሚያ፣

እኔ ከናፍቆታችሁና ከቤት ኪራይ በስተቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው ሲደውሉ «ፌስታል በአዋጅ ተከለከለ፤ ነገ ደግሞ ስትሮ ሊሉን ነው። አንተ ያለህበት አገር ቀድመውን ከልክለዋል አሉ። ሰዉ በምን እየጠጣ እንደሆነ አጣርተህ ናሙና ላክ» ብለው አዘውኝ ነበር። እነሆ ናሙናው ወደዚያ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ይደርስዎታል። ሰውየው የተፈቀደለት 23፣ 23 ኪሎ ሲሆን የመንደሩን ሁሉ አደራ ተሸክሟል። ስለዚህ ዕቃው እንደማይከብድ ምዬ ተገዝቼ ነው ያስያዝኩት። እሱም ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ኤርፖርት ሲፈትሹኝ ምንድነው ልበል?» አለኝ። «ስትሮ ነው በላቸው» አልኩት። «ስትሮማ አውቃለሁ፤ ይሄ ቤቱ ነው ያስጨነቀኝ» አለ።

ዕቃውን ሲያዩት ግራ እንዳይገባዎት ላስረዳ። ርዝመቱ ከመዳፍዎ ብዙም አይበልጥም፤ እጅ ውስጥ ግጥም ይላል። ውስጡ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ አራት ስትሮዎች ጎራዴ በሰገባው እንደሚያድር ተሰትረው ተኝተዋል። ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣትዎ ወደ ላይ ሲገፏት ክዳኑ ይከፈትና አንዷ ብቻ ብቅ ትላለች፤ ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ብቅ ያለችውን ሳብ ሲያደርጓት ከውስጧ ሌላ ቱቦ እየወጣ ትረዝማለች። ከአራቱ አንዷ ወፈር ያለች ናት፤ እሷ ለወፍራም መጠጥ ነች። ከታች ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ የምትገባ ቀጭን ብሩሽ አለች። ብሩሿን አደራ እንዳይጥሏት፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ። ዋጋው 16 ዶላር ነው። በብር መምታቱን ለእርስዎ ትቻለሁ፤ መቼም ካልኩሌተር ቀድሞዎት አያውቅም።

የዕቃው ዋና ዓላማ ንጽሕና ነው፤ አፍ የሚነካውን ጫፍ እጅ እንዳይነካው። ይሁን እንጂ ስትሮዋ ከሰገባዋ ስትወጣ በጣት ተይዛ ነው። የአፉ ጫፍ ቀድሞ ከወጣ፣ ጣት የነካው አፍ ይገባል። የብርጭቆው ጫፍ ቀድሞ ከወጣ፣ ጣት የነካው መጠጡ ውስጥ ገብቶ ዞሮ አፍ ይደርሳል። መመሪያው «መሐሏን ይያዙ» ይላል፤ መሐሏ ግን ገና ሰገባው ውስጥ ናት። ከተጠጣባት በኋላስ ወዴት ትሂድ? ሰገባው የንጹሖች ቤት ነው፤ ያደፈችዋን መልሰው ቢከቷት ሦስቱን ታሳድፋለች፤ ኪስ ቢከቷት ሱሪ ታበላሻለች። እዚህ ያሉት ባለቤቶቿ በሶፍት ጠቅልለው ቦርሳ ይከቷታል። እንግዲህ ወረቀትና ፕላስቲክ ላለመጣል የተገዛ ዕቃ፣ በየጠጡ ቁጥር አንድ ሶፍት ያስጥላል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ከየት መጣ ካሉኝ፣ ያለሁባት ከተማ ራሷ ናት ቆስቋሿ። ማርቪን ስቶን የተባለ ሰው እዚሁ ዋሽንግተን የሲጋራ መያዣ ከወረቀት እየጠቀለለ ይሸጥ ነበር። ያኔ ሰዉ ቀዝቃዛ መጠጡን የሚጠጣው በሣር አገዳ ነበርና መጠጡ ሣር ሣር ይላል። ስቶን ወረቀቱን ለዚህም ጠቀለለው፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ፓተንት ወሰደበት። ቆይቶ ፕላስቲክ መጣና ወረቀቱን ከገበያ አባረረው። በ2011 በቬርሞንት ክፍለ ግዛት አንድ የ9 ዓመት ልጅ ለስትሮ አምራቾች ስልክ እየደወለ ጠይቆ፣ አሜሪካ በቀን 500 ሚሊዮን ስትሮ ትጥላለች የሚል ግምት አወጣ። ስንቱ ጋዜጣና ባለሥልጣን ያንን ቁጥር ተቀባበለው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በስልክ ገበያ ሲያጠና እርስዎ እንደማይደነቁ አውቃለሁ፤ መርካቶ በዚያ ዕድሜው ሱቅ የሚጠብቅ ሞልቷል። በ2015 ደግሞ ኮስታሪካ አጠገብ ተመራማሪዎች ከአንዲት የባሕር ዔሊ አፍንጫ ስትሮ ሲነቅሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ያየ ሁሉ አዘነ፤ እኔም አዝኛለሁ።

በ2019 የዋሽንግተን ከተማ ምግብ ቤቶች ፕላስቲክ ስትሮ እንዳይሰጡ ታገዱ። የስቶን ወረቀት ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ ማለት ነው። ግን ግማሽ ብርጭቆ ሳይደርሱ አፍ ውስጥ ይላሽቃል። ይህንንም ሳንለምደው በየካቲት 2017 በእኛ አቆጣጠር ፕሬዚዳንት ትራምፕ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የወረቀት ስትሮ መግዛት እንዲያቆሙ ትእዛዝ ፈረሙ። አሁን በአንዲት ከተማ ማዘጋጃ ቤቱ የፕላስቲኩ፣ ዋይት ሀውስ የወረቀቱ ባላንጣ ሆነው ተፋጠዋል። ከሁለቱም ጋር በሰላም ማደር የፈለገ ሰው ብረት ይይዛል። የዕቃው ገበያ ምሥጢር ይኸው ነው።

ሰዉ በምን እየጠጣ ነው ላሉኝ ደግሞ ዓይኔ ያየውን ልንገርዎ። የአከራዬ እናት፣ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ የመጡ እማማ፣ እሑድ ቡና ሲያፈሉ አንዲት ፈረንጅ የሥራ ባልደረባዬን ጋብዤ ነበር። ጨዋ ልጅ ናት፤ ፈንዲሻውን ወደደችው፣ የዕጣኑን ጭስ ታገሠችው። አቦሉ ተቀድቶ ስኒው እጇ ሲገባ ግን ቦርሳዋን ከፈተችና ቁልፏን ጠቅ አድርጋ ብረቷን መዘዘች።

እማማ ጀበናውን እንደያዙ ቀሩ። «ምንድነው ያወጣችው?»

«ስትሮ ነው እማማ።»

«ለምኗ?»

«ለቡናው።»

እማማ ምንም አላሉም። ስኒውን ቀስ ብለው ከልጅቷ እጅ ተቀበሉና ቡናውን ደፉት፤ ማጠቢያው ዘንድ ሄደው እኛ እያየን በሳሙና አሹት፣ አለቀለቁት፣ በንጹሕ ፎጣ አደረቁት። ከዚያ እንደገና ቀድተው ሰጧትና ወደኔ ዞረው «አሁንስ ይበቃል ወይ በላት» አሉኝ። ልጅቷ ደነገጠች። ስኒውን ተጸይፋ እንዳልሆነ፣ ለባሕር አስባ እንደሆነ፣ ስለ ዔሊዋም ጭምር አስረዳች፤ እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩ። እማማ በጥሞና ሰሙና «ታዲያ ቡና ስትጠጣ ፕላስቲክ ማን ሰጣት?» አሉ። ለዚህ ሁለታችንም መልስ አልነበረንም። ልጅቷ ግን ከጀመረችው አልተመለሰችም፤ ብረቷን አቦሉ ውስጥ ነክራ ሳበች። ብረት ደግሞ ሙቀት ሲያቀብል ለዔሊ አሳቢ ነው ብሎ አይምርም። ከንፈሯን ይዛ ብድግ አለች። እማማ ቀዝቃዛ ውኃ አቀረቡላት፤ በረካው ሲደርስ እንደ ማንም ሰው ከስኒው ፉት አለች።

በነገራችን ላይ ስትሮ ለእኛ አገርም ባዳ አይደለም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በኩል ማሰሮው መሐል ይቀመጥና ሰዎች ዙሪያውን ከበው፣ እያንዳንዳቸው ረጅም ቀሰም ሰድደው በቤት የተጠመቀውን ይጠጣሉ። የኡጋንዳ ቴሶዎችም አጆን የሚሉትን የዳጉሳ ጠላ እንዲሁ ነው የሚጠጡት። ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት በዛሬዋ ኢራቅ የተቀበረችው ንግሥት ፑአቢም መቃብሯ ውስጥ የወርቅ መምጠጫ ተገኝቶላታል። እዚያ አገር ቤት ማሰሮው አንድ፣ ቀሰሙ ብዙ፣ ጠጪውም ብዙ ነው። እዚህ ግን ጠጪው አንድ፣ ብርጭቆው አንድ፣ ስትሮው አራት። «ሦስቱ ለማን ናቸው?» ብዬ ሻጩን ብጠይቀው «ለመጠባበቂያ» አለኝ። እኔ ለእንግዳ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ንግዱ ልምጣ። ጋሼ፣ ኮንቴይነር ለማስጫን የሚያስቡ ከሆነ እባክዎ ይቆዩኝ። ይህ ዕቃ የተሠራው ብቻውን ለሚጠጣ፣ ያውም መንገድ ላይ እየሄደ ለሚጠጣ ሰው ነው። መሳለሚያ ላይ እንዲህ ያለ ደንበኛ ከየት ያመጡለታል? የእህል በረንዳን ጫኝና አውራጅ ያስቡት። ስንት ኩንታል ጤፍ አውርዶ፣ ጆንያው ያራገፈበት አቧራ ቅንድቡ ላይ እንዳለ፣ ሱቅ በራፍ ላይ ቆሞ ሚሪንዳውን በሁለት ጉንጭ ይጨርሳል። እሱን «ቆይ፣ ቁልፍ ግፋ፣ ብረት ምዘዝ፣ ጎትተህ አስረዝም» ቢሉት የሚመልስልዎትን እዚህ መጻፍ ነውር ነው። ባለሱቁም ዓይኑን ከጠርሙሱ ላይ አይነቅልም፤ ባዶውን ታጥቦ ለሚሞላበት ፋብሪካ በሳጥን መመለስ አለበት። ጠርሙስ ይዤ ልሂድ ያለ ማስያዣ ይቆጥራል። ቀስ ብሎ መጠጣት እዚያ ሰው ያስቆጣል።

ጭማቂ ቤት ልሽጠው ቢሉም አይሆንም። ያቺን ወፍራሟን ስትሮ ይዤ እዚህ ካለ የሐበሻ ጭማቂ ቤት ገባሁና ስፕሪስ አዘዝኩ። ከታች አቮካዶ፣ ከመሐል ማንጎ፣ ከላይ ፓፓዬ፣ ቪምቶ ፈሶበት፣ ሎሚ በጎን። ስትሮዋን ስሰካት ቀጥ ብላ ቆመች። ሳብኩ፤ ጉንጬ ገባ እንጂ አቮካዶው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አስተናጋጇ ሳልጠራት መጥታ ማንኪያ አጠገቤ አኑራ ሄደች። ስሙ ጭማቂ ይሁን እንጂ የሚበላ ነገር ነው፤ ለዚህም ማንኪያ ቀድሞ ተሠርቶለታል።

ይሸጣል ብለን እንኳ ብናስብ፣ ከወደብ ሳይነሳ ምናለሽ ተራ ይቀድምዎታል። ስትሮዋ እየተሳበች የምትረዝም ቱቦ አይደለችም? የአሮጌ ሬዲዮ አንቴና ደግሞ በየቀኑ በቁራሌው ጆንያ ይገባላቸዋል። ልጆቹ ጫፉን ቆርጠው፣ ውስጡን በርግደው፣ ሰገባውን ከቆርቆሮ ቀጥቅጠው፣ እርስዎ ገና የጉምሩክ ወረቀት ሲያስፈርሙ በሩብ ዋጋ ደጃፍዎ ላይ ይሸጡታል። አንዳንዱ ስትሮ ፋና ቢይዝ እንዳይገረሙ።

አሁን ብሩሿን ያውጧት። ገበያ ያለው እሷ ዘንድ ነው። እዚህ የሰገባው ማሟያ አድርገው በነጻ ይሰጧታል፤ ዋጋዋን አላወቁም። እኔ የበራዴን አፍንጫ ፈተሽኩባት፤ ስንት ዓመት የተጋገረ የሻይ ዝቃጭ እየጠቆረ ወጣ። አከራዬ የሕፃኑን ጡጦ ጫፍ አጠበችባት። እማማ ደግሞ የጀበናውን አንገት ፈተጉባትና፣ ያቺን ልጅ ሌላ ቀን ይዘሃት ና፣ ብሩሿንም አትርሳ ብለውኛል። በብሩሿ በረከት ነው መሰለኝ፣ ስለ ስትሮው ይቅር ብለዋታል። በራድ፣ ጀበናና ጡጦ የሌለበት ቤት እስከ ኮልፌ ድረስ ቢፈልጉ አያገኙም። ክብደቷም ከምንም አይቆጠርም፤ በአንድ ሻንጣ ሺሕ ይገባል። ምናለሽ ተራም ቢሆን ብሩሽ ለመሥራት ጸጉሩን ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ብረቱን ለሚወዱት ሰው ስጦታ ያድርጉት፤ ብሩሿን በደርዘን ያስመጡ። ከትርፉ የእኔን ድርሻ ምን ያህል እንደሚያደርጉት አልናገርም፤ የእርስዎን ልብ አውቃለሁ፤ ለዚያም ነው በጽሑፍ ያስቀመጥኩት።

ለእትዬ፣ ለልጆቹ፣ ለዕድርተኛው ሁሉ በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ። ናሙናውን ሲከፍቱ ግን እትዬ አጠገብ እንዳይሆን፤ ብሩሿን አንዴ ካየቻት በራዱ ዘንድ ትወስዳታለች፣ እርስዎም ለነጋዴ የሚያሳዩት ናሙና አይቀርዎትም።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ