ብቻዋን ዝግጅት ክፍል

እ.ኤ.አ. በ1902 አዲስ አበባ ውስጥ እንድርያስ ካቫዲያስ የሚባል ግሪካዊ በአማርኛ ጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። ማተሚያ ስላልነበረው በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚባዛው። ቅጂው ሁለት ደርዘን ገደማ ነበር ይባላል፤ አንባቢዎቹም ቤተ መንግሥቱና በዙሪያው ያሉ መኳንንት ናቸው። ስሙን «አእምሮ» ብለው ያወጡለት አፄ ምኒልክ ሲሆኑ፣ ከስሙ በቀር ያለው ጣጣ የካቫዲያስ ነበር። ሪፖርተሩም፣ አዘጋጁም፣ አሳታሚውም እሱ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ይህን የአንድ ሰው ሸክም ለብዙ ሰው ማከፋፈል ረጅም ዘመን ፈጀ። በ1914 ዓ.ም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ። ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም የመጀመሪያው «አዲስ ዘመን» ለንባብ በቃ። በ1957 ዓ.ም ደግሞ ቴሌቪዥን መጣ። ዜና የሚያመጣ ሪፖርተር፣ የመጣውን የሚቆርጥ አዘጋጅ፣ ፊደል የሚለቅም አራሚ፣ ካሜራ የሚሸከም ካሜራማን፣ ሁሉንም ጭኖ የሚዞር ሾፌር ተቀጠረ። (የሾፌሩ ነገር እንደ ቀላል አይታይ፤ የስብሰባውን ውሳኔ ግቢ ውስጥ ከቆሙት ሾፌሮች ጋር ሲያወጋ ሰምቶ ከሪፖርተሩ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነበር።) ከዚያ ስማርት ስልክ መጣና ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ አንዲት ጀማሪ ጋዜጠኛ እጅ ላይ አስቀመጠው። ሾፌሩ እንኳ አልቀረላትም፤ እሷ የምትሄደው በታክሲ ሰልፍ ነው።

ጀማሪዋ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ስለ ዜና አጻጻፉ የተገለበጠ ፒራሚድ፣ ስለ ሚዛናዊነት፣ ስለ ሥነ ምግባር ተምራለች። ሥራ በጀመረችበት ቀን ግን ዋና አዘጋጁ ከእነዚህ አንዱንም አያነሳም።

«ስልክሽ ስንት ጂቢ ነው?»

መልሷ ካላረካው «እንግዲህ የቤተሰብ ፎቶ እያጠፋሽ ትሠሪያለሽ» ብሎ ይሸኛታል። ከዚያ በኋላ ትቀርፃለች፣ ትቆርጣለች፣ ድምፅ ታነባለች፣ ርዕስ ታወጣለች፣ ቴሌግራም ላይ ትለጥፋለች። ማታ ደግሞ አልጋዋ ላይ ሆና ከዜናው ሥር የሚሰዳደቡትን እየመረጠች ታጠፋለች። የመጨረሻውን ሥራ የትኛውም መምህር አላስተማራትም፤ ከሁሉም ይልቅ ጊዜዋን የሚበላው ግን እሱ ነው።

የእናቷ ጉዳይ ለብቻው ነው። ጎረቤት «ልጅሽ ምን ሥራ ያዘች?» ብሎ ሲጠይቃቸው «መንግሥት ቤት ገብታለች» ብለው ያልፋሉ። መንግሥት ቤት አልገባችም። እናት ጋዜጣ ባያነቡም የጋዜጠኛ ወሬ ግን አያመልጣቸውም። በ2002 ዓ.ም «አዲስ ነገር» አዘጋጆቹ ተሰድደው ሲዘጋ ሰምተዋል። በ2006 ዓ.ም ክረምት አምስት መጽሔቶችና አንድ ጋዜጣ ሲከሰሱ፣ እነሱን ተከትሎ ጋዜጠኛ በተርታ ከአገር ሲወጣም ሰምተዋል። በ2011 ዓ.ም ነገሩ የተገለበጠ መሰለ፤ ሲፒጄ የተባለው የጋዜጠኞች ተሟጋች ድርጅት በየዓመቱ በሚያደርገው ቆጠራ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም የታሰረ ጋዜጠኛ አላገኘም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን አዲስ አበባ ላይ ተከበረ። እናትም «እሰይ፣ እልል» አሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ይኸው ቆጠራ ዘጠኝ እስረኛ መዘገበ። ስለዚህ ለጎረቤት የሚሰጡትን መልስ የሚቀይሩበት ምክንያት አልታያቸውም። ይህን ሁሉ እየፈሩም ቢሆን ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው «የሁለት ሰዓቱ ዜና ላይ መቼ ነው የምትወጪው፣ የኔ ልጅ?» ማለታቸው አይቀርም።

የጀማሪዋ የመጀመሪያ ስምሪት መግለጫ ነው። ሁለተኛውም መግለጫ ነው፤ ሦስተኛውም። ሆቴል ውስጥ ባነር ተሰቅሏል። በሦስት ሰዓት ይጀመራል የተባለው አራት ተኩል ሲሆን «ክቡር እንግዳችን መንገድ ላይ ናቸው» ይባላል። የመክፈቻ ንግግር አለ፤ የመክፈቻ ንግግሩን የሚያመሰግን ንግግር አለ፤ ቀጥሎ የሻይ እረፍት ነው። ጥያቄ የሚፈቀደው «ጊዜ ስለሌለን ሁለት ብቻ» ተብሎ ሲሆን፣ ሁለቱም ዕድሎች ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጡት ይደርሳሉ። ጀማሪዋ እየሮጠች ቢሮ ደርሳ ኮምፒውተሯን ስትከፍት መሥሪያ ቤቱ ዜናውን በራሱ የፌስቡክ ገጽ ከነፎቶው ለጥፎት ታገኘዋለች። ድሮ የዜና ምንጭ የነበረው ዛሬ ተፎካካሪዋ ሆኗል፤ ያውም ካሜራው ከእሷ የተሻለ ተፎካካሪ።

«ምን አደከመሽ?» ይላታል ጎኗ የተቀመጠው አንጋፋ ሪፖርተር። «ከገጻቸው አውርጂና 'ገለጹ' ያለውን 'አስታወቁ' በይው፤ የራሳችን ይሆናል።»

ከአዳራሹ መውጫ ላይ የፊርማ ወረቀትም ነበር። ፈርሞ የሚወሰደው ገንዘብ «ትራንስፖርት» ይባላል። የሥነ ምግባር መምህሯ እንዳትቀበል አስተምረዋታል፤ ከኋላዋ የተሰለፉት ባልደረቦቿ ግን «ፈርሚ እንጂ፣ ሰልፉን አታስረዝሚው» ይላሉ። ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው፤ ፈራጁ የጀማሪዋን የቤት ኪራይ አይከፍልላትም። ይሁንና ትራንስፖርት የታሰበበት ስብሰባ «ፍሬ አልባ ነበር» ተብሎ ሲዘገብ ያየ ካለ እጁን ያውጣ።

ፍጥነትን በተመለከተ ጀማሪዋ ገና ሳትነሳ ተሸንፋለች። ቲክቫህ ኢትዮጵያ የተባለው የቴሌግራም ቻናል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተከታይ አለው። ካቫዲያስ ያን ያህል አንባቢ አለህ ቢባል መኳንንቱ ሁሉ ተጠራርተው የመጡ ይመስለው ነበር። ቧንቧ ቢፈነዳ፣ መኪና ቢጋጭ፣ የፈተና ውጤት ቢወጣ ከዝግጅት ክፍሉ በፊት የሚሰማው ቻናሉ ነው፤ ምክንያቱም ሪፖርተሮቹ ቧንቧው አጠገብ የቆሙት ተከታዮቹ ራሳቸው ናቸው። ዋና አዘጋጁ ይህን ያውቃል። ቢሆንም በየጠዋቱ «ለምን ተቀደምን?» ብሎ ይጠይቃል።

የካቲት 2015 ዓ.ም ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበር። ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ፤ ገደቡ የተነሳው ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ሥራ የጀመረ ጀማሪ መጀመሪያ የተማረው የዜና አጻጻፍ ሳይሆን ገደቡን የሚያሳልፍ ቪፒኤን መጫን ነው። ዜናውን የሚለጥፈው በቪፒኤን፣ አንባቢውም የሚያነበው በቪፒኤን። የሚያስገርመው፣ መሥሪያ ቤቶቹም በተገደበው ፌስቡክ ላይ መግለጫ ማውጣታቸውን አላቋረጡም። በምን በኩል ገብተው እንደሚለጥፉ በመግለጫው ላይ አልተጠቀሰም።

የወረቀቱ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ድሮ አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ የሚነበበው በኪራይ ጭምር ነበር። አከራዩ ጋዜጦቹን ደርድሮ ይቀመጣል፤ ተከራዩ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ድንጋይ ላይ ወይም የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ያነባል። ከአንባቢዎቹ ብዙዎቹ ርዕሰ አንቀጹን ዘልለው፣ ፖለቲካውን ዘልለው፣ በቀጥታ የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ላይ ነው የሚያርፉት። እስክሪብቶ ይዞ ስልክ ቁጥር የሚገለብጠው ሰው ስለ አገሪቱ ዕጣ ፈንታ የተጻፈውን ሰፊ ትንታኔ እንደ ጠረጴዛ ይደገፍበታል። ለአዘጋጆች ኩራት ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብዙ ጋዜጣ ያቆመው ማስታወቂያው ነው። ማስታወቂያው ወደ ድረ ገጽና ወደ ቴሌግራም ሲሰደድ ትንታኔው ብቻውን ቀረ። የጋዜጣ ወረቀት ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ዶላር በጠፋ ቁጥር የማተሚያ ዋጋ ይንራል፣ ገጹም ይሳሳል። አንዳንዱን ያቆመው ገንዘብ ብቻ አይደለም። «አዲስ ስታንዳርድ» መጽሔት በ2009 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ተከትሎ ኅትመቱን አቁሞ ወደ ኢንተርኔት ገባ፤ እዚያው ኖረ።

ጀማሪዋ ዩቲዩብን ብታስብ ማን ይፈርድባታል? የአክስቷ ልጅ አንድም ቀን ጋዜጠኝነት ሳይማር ቻናል ከፍቷል። ሙያው ቀይ ቀስት ነው። የታዋቂ ሰው ፎቶ ያስቀምጣል፣ ቀይ ቀስት ያደርግበታል፣ «ሰበር! ጉዱ ወጣ» ይላል። ተመልካች ሃያ ደቂቃ ጠብቆ ጉዱ ሳይወጣ ያልቃል፤ መሐል ላይ ግን «ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ፣ የደወሏን ምልክት መጫን እንዳትረሱ» ተብሏል። ልጁ መኪና ገዝቷል። በቤተሰብ ግብዣ ላይ «ጋዜጠኛው» ተብሎ የሚጠራውም እሱ ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ«ጨዋታ» ፕሮግራሟ አንድ እንግዳ አስቀምጣ፣ ከልጅነቱ ጀምራ፣ ሳትቸኩል ለሳምንታት የምታወጋበት ጊዜ አለ። በዘመኑ የማርኬቲንግ ባለሙያ ስሌት ይህን የሚሰማ ሰው መኖር አልነበረበትም። ሰው ግን በታክሲ፣ በሱቅ፣ በኩሽና ሰማው፤ ቅጂውም ኢንተርኔት ላይ እየተፈለገ ይደመጣል። ጀማሪዋ ይህን ለዋና አዘጋጁ ብትነግረው «አንቺ መዓዛ ብሩ ነሽ?» ይላታል። ለዚህ እስካሁን መልስ አላገኘችም።

የጀማሪ ሁሉ ሩቅ ሕልም ውጭ አገር ያሉት ጣቢያዎች ነበሩ። የጀርመን ድምፅ አማርኛ ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ አለ፤ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ ቢቢሲ አማርኛ ደግሞ በ2010 ዓ.ም መግቢያ ላይ መጣ። በተለይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሬዲዮኑን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «ከዋሽንግተን ዲሲ» የሚለውን የሚጠብቁ አያቶች ያሳደጓት ልጅ፣ አንድ ቀን እዚያ መድረስን እንደ ጡረታ ዋስትና ትቆጥረው ነበር። መጋቢት 2017 ዓ.ም ከዋይት ሐውስ በወጣ ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ጋዜጠኞች ከ1,300 በላይ ከሚሆኑ ባልደረቦቻቸው ጋር ከሥራ እንዲርቁ ተደረገ። አያት ሬዲዮኑን አንኳኩ፣ ባትሪ ቀየሩ፣ አንቴናውን ወደ መስኮት አዞሩ። የሬዲዮኑ ብልሽት እንዳልሆነ ለማስረዳት የተላከችው ጀማሪዋ ናት። አያት እስከ መጨረሻው ሰምተው «ታዲያ አሜሪካም ጋዜጠኛ ይባረራል?» አሉ፤ እናት ደግሞ ከወዲያ ማዶ ሆነው «አላልኩም?» የሚል ፊት አሳዩ።

አንድ ቀን እንግዲህ መግለጫ ያልተሰጠበት ዜና ታገኛለች። ሰፈሯ ውስጥ ለውሃ መስመር ተብሎ የተቆፈረ ቦይ ለወራት አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ማን ቆፈረው? ስንት ተከፈለ? መቼ ይደፈናል? ትደውላለች። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» በማግስቱም ስብሰባ ላይ ናቸው። «ደብዳቤ አስገቢ» ትባላለች፤ ስታስገባ «ማኅተሙ ደብዝዟል» ይሏታል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷታል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ዋና አዘጋጁ የሰጣት ጊዜ ዛሬ ዐሥር ሰዓት ድረስ ነው።

ስለዚህ ራሷ ቦዩ ድረስ ትሄዳለች። ቦዩ አፋፍ ላይ ጉሊት የዘረጉ እናት አሉ፤ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጣሉ። ቁፋሮው የተጀመረበትን ቀን የሚያስታውሱት ከበዓል ገበያ ጋር አያይዘው ነው። ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ጭነው የሄዱበትን ማታ፣ የመኪናውን ቀለም፣ ማን ማን እንደወደቀበት፣ የወደቀው የትኛውን እግሩን እንደተሰበረ አንድ በአንድ ይነግሯታል። ፌስቡክ የላቸውም፤ መግለጫ አያወጡም፤ እስከ ዛሬ የጠየቃቸውም ሰው የለም። ጀማሪዋ ስልኳን አውጥታ ትቀዳለች። ቦታ ስለሌላት የአክስቷን ልጅ ሠርግ ታጠፋለች።

ከዚያ የወረዳውን ምላሽ ለማካተት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ትሄዳለች። በሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ ዘበኛ መታወቂያዋን አገላብጠው ያያሉ።

«ከየትኛው ዩቲዩብ ነሽ?»

«ከጋዜጣ ነኝ፣ አባባ።»

«ጋዜጣ? አሁንም ይታተማል?»

«ይታተማል።»

ዘበኛው ትንሽ ያስባሉ። «የሥራ ማስታወቂያ ይወጣበታል? ልጄ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ቤት ተቀምጧል።»

«አልፎ አልፎ ይወጣል። በምንድን ነው የተመረቀው?»

«በጋዜጠኝነት ነዋ» አሉና በሩን ከፈቱላት።