የመብራት ምርጫ ትሩፋት

ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ሕግ ለነዋሪዎቿ ትልቅ ነፃነት አጎናጽፋለች፦ የቤታቸውን ኤሌክትሪክ ከማን እንደሚገዙ መምረጥ። ምሰሶው ያው ነው፣ ሽቦው ያው ነው፣ ቆጣሪውም አይነካም። ዝናብና ነፋስ መስመሩን ቢበጥሰው የሚጠግነው የመስመሩ ባለቤት የሆነው የፔፕኮ ወይም የቢጂኢ ኩባንያ ሠራተኛ እንጂ አዲሱ አቅራቢ አይደለም። በምርጫው የሚለወጠው ቢሉ ላይ ያለው ስምና ዋጋ ነው። ይህን የመሰለ ከባድ ውሳኔ ዜጋው ብቻውን እንዲሸከመው ማድረግ ግፍ ስለሆነ፣ ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ፣ ታብሌት የያዘ ወጣት የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥቶ በር ያንኳኳል።

የወጣቱ ትሕትና ያስደንቃል። «ምንም አልሸጥም፤ ቢልዎን ብቻ ያሳዩኝ» ይላል። ቢሉ ላይ ደግሞ የደንበኛው ቁጥር አለ፤ እሱ ከተገኘ ዝውውሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ቀጥሎ ስልክ ይደወልና ድምፅ እየተቀዳ ጥያቄ ይጎርፋል፤ ሻጩም ከጎን ሆኖ «ለሁሉም የስ ይበሉ» እያለ ያስጠናል። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው እናት እቤት ድረስ የመጣ ነፃ የቋንቋ ትምህርት ማለት ይህ ነው። እንግዳን ከደጅ መመለስ ነውር ነው ተብሎ ላደገ ሰውማ ጨዋነቱም በቢል ይመነዘርለታል። ቀድሞ ለጥቂት ወራት ዋጋው ዝቅ ይልና ከዚያ «ተለዋዋጭ» ይሆን ነበር። ተለዋዋጭ ከተባለ ወደ ታችም ይለዋወጥ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ የዋህም አልጠፋም።

ውድድር ዋጋ ያወርዳል የሚሉ ምሁራን አሉ፤ በጤፍና በሽንኩርት ገበያ እውነታቸውን ነው። እዚህ ግን ሌላ አቅራቢ ላልመረጠ ሰው የመስመሩ ኩባንያ የሚያቀርበው መደበኛው አቅርቦት ተቆጣጣሪ ባለበት ጨረታ ይገዛል፤ ተወዳዳሪውም ከዚያው የጅምላ ገበያ ገዝቶ የማስታወቂያውን፣ የሻጩን ኮሚሽንና የራሱን ትርፍ ይጨምርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የአቤል ፋውንዴሽን ጥናት፣ ከ2014 እስከ 2017 የሜሪላንድ ቤተሰቦች ለእነዚህ አቅራቢዎች ከመደበኛው ዋጋ በላይ 255 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍለዋል ይላል። በዚያው ዓመት የማሳቹሴትስ ዐቃቤ ሕግ ቢሮም በዚያ ግዛት በሁለት ዓመት ውስጥ ከ176 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጨማሪ ገንዘብ መከፈሉን፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑትም የበለጠ መጎዳታቸውን ዘግቧል። ድኻው ለኩባንያ ምጽዋት ሲሰጥ ማየት ልብ ይነካል! ቋሚ ዋጋ ተዋውለው ያተረፉ ሰዎች መኖራቸውን አልክድም፤ ድምሩ ግን ኪሳራ ነው። «ውሉን ያላነበበ ጥፋቱ የራሱ ነው» የሚሉም አሉ። ደግ፤ ታዲያ ሰው እንዲያነብ የሚፈልግ ነጋዴ የእራት ሰዓት ጠብቆ በር ላይ ቆሞ ያስፈርማል?

ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2024 አዲስ ሕግ አውጥታ፣ ለመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ የሚሸጥ አቅራቢ፣ አረንጓዴ ኃይል ካልሆነ በቀር፣ ከመደበኛው አቅርቦት የ12 ወር አማካይ ዋጋ በላይ እንዳያስከፍል ወሰነች። ዓመታት ሙሉ «እናረክስልዎታለን» ሲሉ የኖሩት ነጋዴዎች ይህን ሕግ አጥብቀው ተቃወሙት። በርካሽ እሸጣለሁ የሚል ሰው «አታስወድድ» ሲሉት ለምን እንደሚያመው እነሱው ቢያስረዱን ጥሩ ነበር። እስከዚያው፣ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው በር ቢያንኳኳ ሰላምታውን ይመልሱ፣ ውሃም ከጠየቀ ይስጡት፤ ቢልዎን ግን አያሳዩት። ቢሉ ላይ የማያውቁት አቅራቢ ስም ካለም «ወደ መደበኛው መልሱኝ» ማለት መብትዎ ነው።