ለሬሳ መኪና አይጠፋም

እኛ ርኅሩኆች ነን። የሚጠራጠር ካለ በሐምሌ ወይ በነሐሴ ወደ ሰሊጡ ቆላ፣ ወደ አብደራፊ ይውረድና ጆሮውን ይክፈት። ከጋይንት፣ ከበለሳ፣ ከጎጃም ወርዶ ሰሊጥ የሚያርመው ሳሉግ ሲያስነጥስ «ይማርህ»፣ ሲደናቀፍ «እኔን»፣ ሲያተኩሰው «እግዜር ይማርህ፣ የኔ ወንድም» የማይለው የለም። አንዲት ሳንቲም የማያስወጣ ደግነት እንዲህ እንደ ልብ የሚገኝበት አገር ካለ ንገሩኝና ልሂድ።

እንበልና አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸው አያስፈልግም፤ ቆላው ውስጥ እሳቸውን የሚመስል ሞልቷል። ብዙ መቶ ሄክታር ሰሊጥ አላቸው፤ ነጩ፣ ምርት ገበያ ላይ «ሁመራ ጎንደር» ተብሎ የሚመደበው። ጾም አይገድፉም። ፍልሰታ ስትገባ እርሻውን ለካቦው ትተው ሱባዔ ለመያዝ ጎንደር ይወጣሉ። ነሐሴ ደግሞ አረሙ ፋታ የማይሰጥበት ወር ነውና ካቦው ይደውላል።

«ጋሼ፣ ያ ልጅ ከተኛ ሳምንቱ ነው።»

«የቱ ልጅ?»

«የበለሳው። ሆዱም አብጧል።»

«አይ ወንድሜን! ክርስትና ስሙን ጠይቀህ ላክልኝ፣ በጸሎት እንዳስበው።»

«ጤና ጣቢያ ባደርሰው ብዬ ነበር፤ ትራክተሩ...»

«ትራክተሩማ ውሃ ያመላልሳል። ሰው በጥም ይለቅ እንዴ? አይዞህ በለው።»

ክርስትና ስሙ ያኑ ዕለት ተላከ። ልጁ አልተላከም።

ጋሼን ደንታ ቢስ የሚላቸው ተሳስቷል። ስሙን ሳይረሱ ሱባዔውን ሙሉ አስበውታል። የልጁ በሽታ ግን ካላዛር ነው፤ ካላዛር ደግሞ ክርስትና ስም አይጠይቅም። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በበጋ በሚሰነጠቀው ዋልካ መሬትና በግራሩ ሥር ትኖራለች፤ በሌሊት ትወጣለች። ትንኝ እንኳ ጥዝ ብላ ታስጠነቅቃለች፣ ይቺ ድምፅ የላትም። ደጅ የሚያድር ሰው ተነክሶ ወራት ቆይቶ ያተኩሰዋል፤ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ይመነምናል። ሳይታከም ከቀረ ከመቶው ከ95 በላይ ይሞታል። ከታከመ፣ በተለይ ሌላ በሽታ ካልተደረበበት፣ በ17 ቀን መርፌ አብዛኛው ይድናል። በሞትና በሕይወት መካከል ያለው እንግዲህ 17 ቀንና አንድ ትራክተር ነው። ትራክተሩ ሥራ ላይ ነው።

አጎበርስ? «ይሸጡታል።» ቦት ጫማስ? ቆላው እባብ የበዛበት ነው፤ ልጆቹ በኮንጎ ጫማ ሰሊጥ ውስጥ ይውላሉ። «አድርገውት ይጠፋሉ።» በዚህ በኩል የጋሼ መልስ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፤ ሰው በፍጡር ላይ እምነት ማሳደር የለበትም።

ለፈጣሪማ ቸር ናቸው። አንድ ዓመት የሰሊጥ ዋጋ ከወጣ ብለው ለታኅሣሥ ገብርኤል ተሳሉ፤ ዋጋው ወጣ፤ በወርቅ ዘቦ የተጠለፈ ጃንጥላ አስገቡ። ያየሁት ጃንጥላ በእውነት ያምራል፤ ጠርዙ ላይ ዘርፍ አለው፣ ውስጡ ቀይ ከፋይ ነው። ሰሊጡን ያጨዱት ግን ያን ፀሐይ ሸሚዛቸውን ራሳቸው ላይ ጠምጥመው ነው የተከላከሉት። መልአኩ በሰማይ ጥላ ቸግሮት አያውቅም ነበር፤ ቢሆንም ተቀበለ።

ዐውደ ምሕረት ላይ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ በተሰበከ ቁጥር የሚያለቅስ አይጠፋም። ይህን ምሳሌ እንደ እኛ የፈጸመው ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ካህኑ አይቶ አለፈ፣ ሌዋዊው አይቶ አለፈ፣ ባዕድ መጥቶ አነሣው፤ እኛም አየን፣ አለፍን፣ ባዕድ መጥቶ አነሣ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አብደራፊ ላይ ለዓመታት ካላዛርና የእባብ ንክሻ በነጻ ሲያክሙ ኖረዋል። «ፈረንጅ ገንዘብ አለው» ብለን ውለታውን ቶሎ አቃለልነው። ሳምራዊውም ለእንግዳ ማረፊያው ሁለት ዲናር ከፍሏልና ገንዘብ ነበረው ማለት ነው። የካህኑ ኪስ ባዶ ስለመሆኑ ግን የተጻፈ ነገር የለም።

ደጋውም ከ«ይማርህ» ድርሻውን አግኝቷል። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ውስጥ ሰው እንደ ወባ እየታከመ ሲረግፍ ከርሞ ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ቆላ ከርመው የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይወጡ እንዳልቀረ ተገመተ። አንዱን ታማሚ «አገርህ ግባ፣ እናትህ ታስታምምህ» ብሎ መሸኘት ደግ ምክር ይመስላል፤ ባለ እርሻውንም ከምግብና ከሕክምና ወጪ ያሳርፋል።

(ሁሉም ባለ እርሻ እንዲህ አይደለም። የታመመውን በራሱ መኪና ጭኖ ጎንደር ሆስፒታል የሚያደርስ፣ ተኝቶ የከረመበትን ቀን ሳይቆርጥ የሚከፍል አለ። ከተማው ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት ለማታውቀው ልጅ አጥሚት ስታጠጣ አይቻለሁ፤ «እግዜር ይማርህ» ስትል አልሰማኋትም፣ ጀበናው እየገነፈለባት ነበር። እንዲህ ያሉት ለጽሑፍ አይመቹም፤ ድምፃቸው አይሰማም።)

ርኅራኄያችን የሚጎመራው ግን በሞት ጊዜ ነው። ልጁ መስከረም ላይ አረፈ እንበል። ሰሊጡ ደርሷል፤ ፍሬው ከሚረግፍ ሰው ቢረግፍ የሚሻልበት ጊዜ ነው። ያን ሰሞን ለታመመ ሰው አህያ እንኳ አይገኝም። ለሬሳ ግን ፒካፕ ወዲያው ተገኘ! ያውም ኩንታል አራግፎ። ሰው በባዕድ አፈር አይቀበርም፤ አገሩ፣ ደብሩ ይግባ። ነሐሴ ላይ ጤና ጣቢያ ድረስ ያልተገኘው መኪና እስከ በለሳ የሚያደርስ ቤንዚን ሞላ። አንዱ ሸራ፣ አንዱ ከፈን አመጣ፤ ጋቢውን አውልቆ የሰጠም አለ። ልጁ አንድ ሌሊት ደጅ ሲያድር ለብሶት ቢሆን ኖሮ፣ ጋቢው ባያድነው እንኳ ያሞቀው ነበር።

ለቤተሰቡ መዋጮ ተጀመረ። ሳሉጎቹ ከቀን ደመወዛቸው ሃያም ሠላሳም ጣሉ። ካቦው ደብተር ይዞ ስም ይጠራል። ሰው ሁሉ ዓይኑ ጋሼ ላይ ነው፤ እሳቸውም አላሳፈሩም፣ ከሁሉም የበለጠውን ሰጡ። እናቱ በእጇ ስትቀበል ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ነበር፤ «ተይ እናቴ፣ ለእግዜር ብዬ ነው» አሏት።

ጋሼ የሰጡት ገንዘብ የልጁ ያልተከፈለ የአረም ሒሳብ ነበር፤ የተኛበት ቀን ተቀንሶ። ካቦው በደብተሩ አናት ላይ «ከጋሼ» ብሎ መዘገበው፤ ቄሱም መስቀላቸውን አንሥተው «እልፍ ያድርግልዎ» ብለው መረቋቸው።